ጃኪ ሮቢንሰን፡ የዘር አጥርን የሰበረው ተጫዋች

እአአ በ1945 ጃኪ ሮቢንሰን ጥቁሮች ብቻ በሚጫወቱበት ሊግ የካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ሾርትስቶፕ፣ ማለትም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆም ተከላካይ ነበር። የአሜሪካ ቤዝቦል ዋና ሊግ በር ለጥቁሮች ከተዘጋ 60 ዓመት ገደማ ሆኖታል።

የብሩክሊን ዶጀርሱ ብራንች ሪኪ በዚያው ዓመት አስጠርቶ የጠየቀው ከችሎታም በላይ ነበር፤ ሲሰደብና ሲጠቃ አጸፋ እንዳይመልስ። ሮቢንሰን ተስማማ። አስቀድሞ ግን በታችኛው ሊግ፣ በካናዳው ሞንትሪያል ሮያልስ መፈተን ነበረበት።

በ1946 የልምምድ ወቅት አንዳንድ የፍሎሪዳ ከተሞች ከነጮች ጋር እንዳይጫወት ከለከሉት። ሮያልስም ከለመደው ስፍራ አንስቶ ሁለተኛው ቤዝ ላይ አቆመው። በጀርሲ ሲቲ ባደረገው የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታ ከአምስት ሙከራዎቹ አራቱ ሰመሩለት፤ አንዱ ሆምራን ነበር። ቡድኑ 14 ለ 1 አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ ሮቢንሰን የሊጉ ቀዳሚ መቺ ሆነ፤ ሮያልስም ዋንጫ አነሳ፤ ደጋፊዎችም በፍቅር ተከትለውት በጎዳና ሮጡ።

በ1947 ለዶጀርስ ሲሰለፍ የተዘጋው በር ተከፈተ። ወደ ሾርትስቶፕነቱ ግን በቋሚነት አልተመለሰም። በ1972፣ በ53 ዓመቱ አረፈ። ይለብሰው የነበረው 42 ቁጥር ከ1997 ወዲህ በዋናው ሊግ ለአዲስ ተጫዋች አይሰጥም።