ሰዓት ሠሪው አብርሃም ሉዊ ብሬጌና የንግሥቲቱ አደራ

ሰው ከሰው ከሚቀበለው ነገር ሁሉ አደራን የሚያህል ከባድ ነገር የለም። ገንዘብ የተበደረ ሰው ብድሩን የከፈለ ዕለት ይገላገላል፤ አደራ የተቀበለ ግን አደራ ሰጪው ቢሞትም እንኳ አይገላገልም። ለዚህ ምስክር የሚሆን ታሪክ ቢፈለግ፣ ከስዊስ አገር ተነሥቶ በፓሪስ ከተማ ስሙን ያስጠራው የሰዓት ሠሪው የአብርሃም ሉዊ ብሬጌ ታሪክ ይበቃል። ይህ ሰው በ1783 ዓ.ም. ለፈረንሣይ ንግሥት አንድ የኪስ ሰዓት እንዲሠራ ታዘዘ። ሰዓቱ ተሠርቶ ያለቀው ግን በ1827 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ንግሥቲቱ ከሞቱ 34 ዓመት፣ ሰዓት ሠሪውም ራሱ ከሞተ 4 ዓመት ሆኖት ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንፈልጋለን።

ብሬጌ በ1747 ዓ.ም. በጥር ወር ኑሻቴል በምትባለው ከተማ ተወለደ። የቀድሞ ዘመዶቹ በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሣይ አገር ተሰደው በስዊስ ምድር የሰፈሩ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ልጁ 11 ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተበት። እናቱም ዦዜፍ ታቴ የሚባል፣ ዘመዶቹ ሁሉ በሰዓት ሥራ የሚተዳደሩ ሰው አገባች። ብሬጌን ወደዚህ ሙያ ያስገባው ይህ የእንጀራ አባቱ ነው። 15 ዓመት ሲሆነው ወደ ፈረንሣይ ተወሰደና በቬርሳይ ከተማ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። ቀን ቀን በሥራ ቤት እየዋለ፣ ማታ ማታ ደግሞ በማዛረን ኮሌጅ የሒሳብ ትምህርት ይከታተል ነበር። መምህሩ አባ ማሪ የሚባሉ ቄስ ነበሩ፤ እኚህም ሰው የልጁን ብሩህ አእምሮ ስለ ተመለከቱ በቤተ መንግሥት አካባቢ ከሚገኙ ታላላቅ ሰዎች ጋር እንዲተዋወቅ ረዱት።

በ1775 ዓ.ም. ብሬጌ ሚስት አገባና በፓሪስ መካከል፣ በሴን ወንዝ ዳር ኬ ደ ሎርሎዥ በሚባለው መንገድ ላይ የራሱን የሥራ ቤት ከፈተ። በዚያን ዘመን የኪስ ሰዓት የሀብታሞች ጌጥ ነበር እንጂ ጊዜን በትክክል ለማወቅ እምብዛም አያገለግልም ነበር። ሰዓቱን በየዕለቱ በቁልፍ መሙላት ያስፈልጋል፤ ባለቤቱ መሙላቱን ከረሳ ሰዓቱ ይቆማል፤ ከእጅ ከወደቀም ይሰበራል። ብሬጌ እነዚህን ጉድለቶች አንድ በአንድ ለማረም ተነሣ።

በመጀመሪያ ባለቤቱ ሲራመድ ራሱን በራሱ የሚሞላ ሰዓት ሠራ። በሰዓቱ ውስጥ ከፕላቲን የተሠራ ከባድ ቁራጭ አለ፤ ሰውየው ሲራመድ ይህ ቁራጭ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘ ሞላውን ያጠብቀዋል። ከእርሱ በፊት ይህን የሞከሩ ሰዎች ቢኖሩም፣ አስተማማኝ አድርጎ ለገበያ ያቀረበው ብሬጌ ነው። በ1780 ዓ.ም. አንዱን ለኦርሌያን መስፍን ሸጠ፤ በ1782 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው ለንግሥት ማሪ አንቷኔት ተሰጠ። ቀጥሎም ቁልፉ ሲነካ ሰዓቱን በድምፅ ለሚናገረው የኪስ ሰዓት፣ በትልቁ ደወል ፈንታ በመኪናው ዙሪያ የተጠመጠመ ቀጭን የብረት ሽቦ አገባበት። በዚህም ምክንያት ሰዓቱ ቀጠነ፤ ድምፁም አማረ። በ1790 ዓ.ም. ደግሞ ዋናው መዘውር የሚሽከረከርበትን ቀጭን ዘንግ በሚለጠጥ ብረት ደግፎ፣ ሰዓቱ ቢወድቅም ዘንጉ እንዳይሰበር አደረገ። ይህን ለማስረዳት በታሌይራን ቤት በእንግዶች ፊት ሰዓቱን ወለል ላይ ጥሎ፣ ሳይቆም ሲሄድ አሳያቸው ተብሎ ይተረካል።

ዝናው እንደዚህ በገነነበት ጊዜ፣ በ1783 ዓ.ም. አንድ የንግሥቲቱ የክብር ዘበኛ መኰንን ወደ ሥራ ቤቱ መጣ። ትእዛዙ ከዚያ በፊት ተሰምቶ የማይታወቅ ነበር። በሰዓት ጥበብ እስከዚያ ቀን ድረስ የታወቀው ሁሉ በአንድ የኪስ ሰዓት ውስጥ እንዲሰበሰብ፣ በሚቻልበት ቦታ ሁሉ በሌላ ብረት ፈንታ ወርቅ እንዲገባበት፣ ለዋጋውም ሆነ ለሚፈጅበት ጊዜ ወሰን እንዳይደረግለት ታዘዘ። ሰዓቱ በብሬጌ መዝገብ ላይ ቁጥር 160 ተብሎ ተጻፈ።

ነገር ግን ለሰዓቱ ወሰን ያልተደረገለት ጊዜ ለንግሥቲቱ ተወስኖባቸው ነበር። በ1789 ዓ.ም. የፈረንሣይ ሕዝብ በቤተ መንግሥቱ ላይ ተነሣ። የብሬጌ ደንበኞች የነበሩት መሳፍንትና መኳንንት ከፊሎቹ ተሰደዱ፤ ከፊሎቹ ታሰሩ፤ ከፊሎቹም ተሰየፉ። ብሬጌ የለውጥ አሳብ የሚደግፍ ሰው ነበር፤ ሆኖም ለቤተ መንግሥት ሲሠራ የኖረ በመሆኑ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ጀመር። ከአብዮቱ መሪዎች መካከል ዣን ፖል ማራ የእርሱው አገር ሰው ነበር፤ የተወለደባት ቡድሪ የምትባለው ከተማም ከኑሻቴል አጠገብ ናት። ማራ አንድ ቀን በጠላቶቹ ተከቦ ሳለ፣ ብሬጌ የአሮጊት ልብስ አልብሶ ክንዱን ይዞ እንዳስመለጠው ይነገራል። በ1793 ዓ.ም. የብሬጌ ሕይወት በተራው አደጋ ላይ በወደቀ ጊዜ፣ ከአገር የሚወጣበትን የይለፍ ወረቀት ያገኘው በማራ ርዳታ ነው። ማራ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በገላ መታጠቢያው ውስጥ ሳለ በጩቤ ተወግቶ ሞተ። ንግሥት ማሪ አንቷኔትም በጥቅምት ወር በ37 ዓመታቸው ተሰየፉ። ያዘዙላቸው ሰዓት ገና አላለቀም ነበር።

ብሬጌ ከልጁ ጋር ወደ ስዊስ አገር ገብቶ በመጀመሪያ በዠኔቭ፣ ቀጥሎ በተወለደባት በኑሻቴል፣ በመጨረሻም ሎክል በምትባለው የሰዓት ሠሪዎች ከተማ ተቀመጠ። ዕድሜው 46 ዓመት ሆኖት ነበር። የሥራ ቤቱ ፓሪስ ቀርቷል፤ ደንበኞቹ ተበትነዋል፤ በእጁ ያለው ጥቂት ሠራተኛ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬ አበቃ ብሎ ተስፋ በቈረጠ ነበር። እርሱ ግን በስደት ያገኘውን ጊዜ ለማሰብ ተጠቀመበት። በ1795 ዓ.ም. ወደ ፓሪስ ሲመለስ በአእምሮው የያዘው አሳብ ይዞት ከሄደው ንብረት ይበልጥ ነበር።

ከነዚህም አሳቦች አንዱ ለመኳንንት ሳይሆን መጠነኛ ሀብት ላለው ሰው የሚሆን ሰዓት መሥራት ነው። ይህ ሰዓት አንድ ቆጣሪ ብቻ ነበረው። ፊቱ ሰፊና በጥንቃቄ የተከፋፈለ ስለሆነ ግን፣ በዚሁ በአንዱ ቆጣሪ አምስት አምስት ደቂቃውን ለይቶ ማንበብ ይቻላል። ዋጋው ከሌሎቹ ሥራዎቹ ዝቅ ያለ ነበር። ገዢው በሚያዝበት ጊዜ የዋጋውን ሩብ ብቻ ይከፍላል፤ የቀረውን ሰዓቱን ሲረከብ ይጨምራል። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የመንግሥትም የሰውም ቃል በፈረሰበት ከተማ፣ ሰዎች ላላዩት ሰዓት ገንዘባቸውን አስቀድመው መስጠታቸው በብሬጌ ስም ላይ የነበራቸውን እምነት ያሳያል። ይህን እምነት አይተው በስሙ የሐሰት ሰዓት የሚሠሩ ሰዎችም በረከቱ። ብሬጌም በሰዓቱ ፊት ላይ በዓይን ሊታይ የማይችል ረቂቅ የምስጢር ፊርማ ማስቀረጽ ጀመረ፤ ፊርማው የሚታየው ሰዓቱን አጋድመው ብርሃን በጎን ሲያበሩበት ብቻ ነው። ይህም ለገዢው የተሰጠ ዋስትና ነበር።

ሁለተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው አሳቡ ቱርቢዮን የሚባለው ነው። የኪስ ሰዓት ቀኑን ሙሉ በኪስ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይውላል። በዚህ ጊዜ የመሬት ስበት የሰዓቱን ሂደት የሚቈጣጠረውን መዘውር ወደ አንድ ወገን እየሳበ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። ብሬጌ ስበትን ማስወገድ እንደማይቻል ስላወቀ ሌላ ዘዴ ፈለገ። መዘውሩን ከነሞላው በአንዲት ትንሽ ቀፎ ውስጥ አስገብቶ ቀፎዋ ራስዋ ሳታቋርጥ እንድትዞር አደረገ። ቀፎዋ በዞረች ቁጥር በአንድ ወገን የተፈጠረው ስሕተት በሌላው ወገን ይጣፋል። ለዚህ ሥራ በ1801 ዓ.ም. በሰኔ ወር ለ10 ዓመት የሚጸና የባለቤትነት መብት ተሰጠው። አሠራሩ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ በሕይወት ዘመኑ የተሸጡት ቱርቢዮኖች ከ40 አይበልጡም።

ብሬጌ ጥበቡን ከጓደኞቹ የሚሸሽግ ሰው አልነበረም። በሎንዶን ከተማ ከሚኖረው ከታላቁ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ከጆን አርኖልድ ጋር የቀረበ ወዳጅነት ስለ ነበረው፣ አንድ ልጁን አንትዋን ሉዊን ሙያ እንዲያስተምርለት ወደ እርሱ ልኮት ነበር። አርኖልድ ከሞተ በኋላ ብሬጌ በወዳጁ እጅ በተሠራ አሮጌ ሰዓት ውስጥ የራሱን ቱርቢዮን አግብቶ፣ የመታሰቢያ ቃል ቀርጾበት፣ በ1808 ዓ.ም. ለሟቹ ልጅ ሰጠው። ይህ የሁለት ጌቶች ሥራ የተገናኘበት ሰዓት ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል።

ከዚህ በኋላ የብሬጌ ስም በመላው ኤውሮፓ ታወቀ። ናፖሌዎን በ1798 ዓ.ም. ወደ ግብፅ ከመዝመቱ በፊት ሦስት ሰዓቶች ከእርሱ ገዝቷል። በዋተርሎ ናፖሌዎንን ድል ያደረጉት የዌሊንግተን መስፍንም፣ የሩስያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሳንደርም የዚሁ ቤት ደንበኞች ነበሩ። የናፖሌዎን እኅት የኔፕልስ ንግሥት ካሮሊን ሙራ በ1810 ዓ.ም. በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር ሰዓት አዘዙ። ብሬጌ በ1816 ዓ.ም. የፈረንሣይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። መንግሥት በተለዋወጠ ቁጥር ሹማምንቱ ሲለወጡ እርሱ ግን አልተለወጠም፤ የሰዓት ትክክለኛነት ለንጉሥም ለአብዮተኛም እኩል ያስፈልጋልና። በ1823 ዓ.ም. በመስከረም ወር በ76 ዓመቱ ሞቶ ፔር ላሼዝ በተባለው መካነ መቃብር ተቀበረ።

የንግሥቲቱ ሰዓት ገና በሥራ ቤቱ ውስጥ ነበር። ልጁ አንትዋን ሉዊና የቤቱ ሠራተኞች አልጣሉትም፤ በ1827 ዓ.ም. ፈጸሙት። ሰዓቱ 823 ክፍሎች አሉት ይባላል። ራሱን በራሱ ይሞላል፤ ሲጠየቅ ሰዓቱንና ደቂቃውን በድምፅ ይናገራል፤ የወራቱን ቀን ማነስና መብዛት ለይቶ ዕለቱን ያሳያል፤ በፀሐይ ጊዜና በሰዓት ጊዜ መካከል ያለውን ልዩነት ያመለክታል፤ የአየሩን ሙቀትና ብርድ እንኳ ይለካል። ፊቱ ጥርት ካለ ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ የመዘውሮቹ ሥራ በግልጥ ይታያል።

ሰዓቱ ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቈይቶ በ1917 ዓ.ም. ሰር ዴቪድ ሳሎሞንስ የተባሉ እንግሊዛዊ ገዙት። ልጃቸው ቬራ በኢየሩሳሌም ላቋቋሙት የእስላም ሥነ ጥበብ ሙዚየም የአባታቸውን ሰዓቶች ሰጡ። በ1983 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ሌባ በሌሊት ገብቶ ከዚያ ሙዚየም 106 ሰዓቶች ሰረቀ፤ የንግሥቲቱም ሰዓት አብሮ ጠፋ። ለብዙ ዓመታት ወሬው ሳይሰማ ቈይቶ፣ ሌባው ከሞተ በኋላ በ2007 ዓ.ም. መገኘቱ ተገለጠ።

የብሬጌ የሰዓት ቤትም እስከ ዛሬ አለ። የልጅ ልጁ ሉዊ ክሌማን የቴሌግራፍ መሣሪያ ወደ መሥራት ስላዘነበለ በ1870 ዓ.ም. የሰዓቱን ሥራ ለእንግሊዛዊው ለኤድዋርድ ብራውን አስተላለፈ። ከዘሩ የተወለደው ሌላው ሉዊ ብሬጌ ደግሞ በአይሮፕላን ሥራ ስመ ጥር ሆነ። የሰዓቱ ሥራ ኋላ ወደ ስዊስ አገር ተመልሶ ቫሌ ደ ዡ በሚባለው ሸለቆ ውስጥ ይካሄዳል፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም የስዋች ኩባንያ ንብረት ሆኗል። የቀድሞዎቹ መዛግብት ከነቁጥራቸውና ከነገዢዎቹ ስም ተጠብቀው ስለሚገኙ፣ ዛሬ አንድ ሰው ያረጀ የብሬጌ የኪስ ሰዓት ቢያገኝ መቼና ለማን እንደ ተሸጠ ተመልክቶ እውነተኛነቱን ሊያረጋግጥ ይችላል።

ንግሥቲቱ ያን ሰዓት አንድ ቀንም በእጃቸው አልያዙትም። የሠሪውም ዓይን ፍጻሜውን አላየም። ያዘዘው ቤተ መንግሥት ፈርሶ፣ ጠያቂና ተቈጣጣሪ በሌለበት ጊዜ ሥራው እንዲፈጸም ያደረገው በመዝገብ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የተሰጠው ቃል ብቻ ነው። ብሬጌ ለልጁና ለሠራተኞቹ ካወረሳቸው ጥበብ ሁሉ የሚበልጠው ይህ አደራ ጠባቂነት ይመስለናል።