ሰዓት ጠባቂው አባት

ባለፈው ሳምንት እዚህ አናንዴል ለክፍል የማቀርበውን ጥናት ሳነብ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የቢሮ ሠራተኛን ሥራ ማቋረጥ የሚቻለው መቼ እንደሆነ በሴንሰር መገመት ይቻል እንደሆነ ፈትነዋል። ከሁሉ የጠቀማቸው ቀላል ምልክት ነው፦ ክፍሉ ውስጥ ሰው እያወራ ነው ወይስ አይደለም። ማታ ለእናቴ ስነግራት ሳቀችና ይሄማ የዐቃቤ ሰዓት ሥራ ነው አለችኝ። ቃሉን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ዐቃቤ ሰዓት ማለት ሰዓት ጠባቂ ነው። በድሮው ቤተ መንግሥት የንጉሡን ሰዓት የሚጠብቅ፣ ማን መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ሹም ነው። ሹመቱ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አበምኔት ነበር፤ የመጀመሪያው አቡነ ኢየሱስ ሞአ ናቸው ይባላል።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዳህና ተወለዱ። በወጣትነታቸው ደብረ ዳሞ ሄደው ከአባ ዮሐኒ ዘንድ መነኮሱ፤ መጻሕፍት እየጻፉም ዓመታት ተቀመጡ። ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣ አምባ ነው፤ ማንም ዘው ብሎ አይገባም። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው። በ1248 እ.ኤ.አ. ገደማ ወሎ፣ ሐይቅ ገቡ። ቦታው ያኔ ደሴት ነበር። እዚያ ያስተማሯቸው ብዙ ናቸው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት አንዱ ናቸው። በ1280 ገደማ ያስጻፉት ወንጌል ሥዕላቸውን እንደያዘ እስከ ዘመናችን በገዳሙ ቆይቷል።

ትውፊቱ እንደሚለው በ1270 ዙፋን የያዘውን ይኩኖ አምላክን ስለረዱት ነው ሹመቱን ያገኙት። ገድላቸው የተጻፈው ካረፉ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ የታሪክ ሰዎች ይህን በጥንቃቄ ነው የሚያዩት። ሹመቱ ግን እየከበረ ሄደ፤ በዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ከንጉሡ አጠገብ አይጠፋም ነበር። በር የሚጠብቅ ሰው ራሱ ጌታ ይሆናል።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የራሴ ነገር ነው። ልምምድ ላይ ኪኒን ስቆጥር አንድ ሰው ብርድ ልብስ የት እንዳለ ጠየቀኝ። መለስኩለትና ቁጥሩ ጠፋኝ። ደግነቱ ለታማሚው ሳልሰጥ ነቃሁ፤ ለአስተማሪዬ ነግሬ ከአንድ ጀመርኩ። ያ ሴንሰር ቢኖር ኖሮ ዝም ስላልኩ ግባ ይለው ነበር። ንጉሡ ሲጸልይም ዝም ነው የሚለው፤ ዐቃቤ ሰዓቱ ግን የትኛው ዝምታ እንደሆነ ያውቃል።

አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያረፉት በ1293 ገደማ ነው። በዓላቸው ኅዳር 26 ይውላል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሂድ ብላኛለች፤ እኔ ግን ያን ቀን ልምምድ አለኝ።