አሌክሲ ካሬል

አሌክሲ ካሬል (ጁን 28 ቀን 1873 – ኖቬምበር 5 ቀን 1944 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። የደም ሥሮችን የመስፋት ዘዴ በማግኘቱና የደም ሥርና የአካል ክፍሎችን ንቅለ ተከላ በማጥናቱ በ1912 የሕክምና የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከለጋሽ የተወሰደ ልብ እስኪተከል ድረስ በሕይወት እንዲቆይ ለማድረግ የሚደረገው ምርምር ከእርሱ ሙከራዎች ብዙ ወርሷል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያ ዓመታት

ካሬል የተወለደው በሊዮን ከተማ አጠገብ ነው። የሐር አምራች የነበረው አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። በ1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ውስጥ በጩቤ ተወግቶ ትልቅ የደም ሥር ተቆረጠበት፤ በዘመኑ የነበሩ ሐኪሞች ሊሰፉት ስላልቻሉ ሞተ። ወጣቱ ካሬል ይህን እንደ መፍትሔ አልባ ነገር አልተቀበለም። ከአንዲት የሊዮን ጥልፍ ሠሪ በቀጭን መርፌና በሐር ክር መስፋትን ተማረ። በ1902 ያሳተመው ዘዴ የደም ሥሩን አፍ በሦስት ክሮች ወጥሮ ክቡን ወደ ሦስት ማዕዘን በመለወጥ ለመስፋት ያመቻል።

የእንስሳት ሙከራዎች

በ1904 ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄደ። በ1905 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከቻርልስ ገስሪ ጋር የቡችላን ልብ በትልቅ ውሻ አንገት ላይ ተከለ። ልቡ ሁለት ሰዓት ያህል ከመታ በኋላ ደም ስለረጋ ቆመ። ሙከራው ከአካል ተለይቶ የወጣ ልብ ደም ካገኘ እንደገና ሊመታ እንደሚችል አሳየ።

ከ1906 ጀምሮ በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ሠራ። የውሻን ኩላሊት አውጥቶ ለዚያው ውሻ ሲመልስለት ይሠራ ነበር፤ ከሌላ ውሻ የመጣ ኩላሊት ግን አይዘልቅም። ስለዚህ ችግሩ ከስፌቱ ሳይሆን ከተቀባዩ አካል እንደሚመጣ ተረዳ። የደም ሥሮችንም በቅዝቃዜ አቆይቶ በውሾች ላይ ተክሏል።

በ1930ዎቹ ከአብራሪው ቻርልስ ሊንድበርግ ጋር ከጀርም የጸዳ የመስታወት ፓምፕ ሠሩ። በ1935 ይፋ የሆነው ይህ መሣሪያ ምግብና ኦክስጅን የያዘ ፈሳሽ እያስገባ የእንስሳት ዕጢዎችን ከአካል ውጭ ለቀናት አቆይቷል።

ውዝግቦች

ካሬል በ1912 የጀመረው የጫጩት ልብ ሕዋሳት እርባታ እርሱ ከሞተ በኋላም እስከ 1946 ስለቀጠለ፣ ሕዋሳት አይሞቱም የሚል እምነት ተስፋፍቶ ነበር። በ1961 ሌናርድ ሄይፍሊክ ጤነኛ የሰው ሕዋሳት የሚከፋፈሉት በተወሰነ መጠን ብቻ መሆኑን አሳየ።

በ1935 ባሳተመው መጽሐፍ ካሬል የሰውን ዘር በምርጫ ማሻሻልን ደገፈ። በጀርመን ወረራ ዘመን የቪሺ መንግሥት ያቋቋመውን የምርምር ድርጅት መራ። ፓሪስ ነፃ ከወጣች በኋላ ከጠላት ጋር በመተባበር ቢወነጀልም ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ሞተ። በ1990ዎቹ በፈረንሳይ በስሙ የተጠሩ በርካታ መንገዶች ስማቸው ተለወጠ።

ከእርሱ በኋላ

በ1960 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን ሻምዌይና ሪቻርድ ሎወር የውሻን ልብ በቀዝቃዛ የጨው ውሃ ውስጥ አቆይተው በመትከል አንዳንድ ውሾች እስከ 3 ሳምንት እንዲኖሩ አደረጉ። በ1967 ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕታውን የመጀመሪያውን የሰው ለሰው የልብ ንቅለ ተከላ አካሄደ። በበረዶ የተያዘ ልብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሰዓት ገደማ በላይ ሲቆይ የመጎዳት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ልብን ከአካል ውጭ ደም ወይም ሌላ ፈሳሽ እየመገቡ የሚያቆዩ መሣሪያዎች በአሳማ ልብ ላይ እየተሞከሩ ተሠርተዋል። ሐሳባቸው ከካሬልና ከሊንድበርግ ፓምፕ ጋር ይመሳሰላል።