የእመቤት አዳ ሕይወትና ያልተሠራችው መኪና

ባለፈው ዓመት የክፍል ጓደኞቼ ኮምፒውተር የሌላት ፕሮግራመር የሚል ቅጽል ስም አወጡልኝ። ስሙ እውነት ስለ ሆነ ልቈጣ አልቻልሁም። አንዱን ኮምፒውተር ለብዙ ሆነን ስለምንከበው፥ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ሁላችንም እኩል ስለምንሆን፥ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የማዘጋጀውን ፕሮግራም ሁሉ አስቀድሜ በደብተር ላይ በእርሳስ መጻፍ ልማድ አድርጌአለሁ። እንግዲህ ከትምህርት ቤት ወጥተን የጉንችሬን መንገድ ስንይዝ ቀልዱ ይጀመራል። አንዱ የደብተሬ ባትሪ ስንት በመቶ እንደ ቀረው ይጠይቀኛል። ሌላው ቫይረስ እንዳይገባበት በላስቲክ እንድሸፍነው ይመክረኛል። ሦስተኛው በላጲስ አንድ ነገር ባጠፋሁ ቍጥር ሶፍትዌሩ መታደሱን ለሁሉም ያውጃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ነገር ግን ማታ ብቻዬን ስቀመጥ፥ የሚፈጽመው መሣሪያ በሌለበት የሚጻፍ ትእዛዝ ምን ይረባል የሚል ሐሳብ እየመጣ ያውከኝ እንደ ነበር አልሸሽግም።

በዚህ መካከል ነው መምህራችን የአዳ ላቭሌስን ስም ያነሡልን። ከዚያ ወዲህ ስለ እርስዋ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ዓመቶቹ፥ በእኛ አቈጣጠር ብዬ ካልገለጽሁ በቀር፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው። መኪና ስልም እንደ ዱሮው አማርኛ በጥርስና በዘንግ የሚንቀሳቀሰውን መሣሪያ ሁሉ ማለቴ ነው። አዳ ባለማዕረግ ሴት ስለ ነበረች በአንቱታ ልጽፍላት ይገባኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ወደዚህ ነገር የገባችው በ17 ዓመትዋ ስለ ሆነ እንደ እኩያዬ ብቈጥራት አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝ።

አዳ ዲሴምበር 10 ቀን 1815 በሎንዶን ከተማ ተወለደች። አባትዋ ስሙ በዓለም የታወቀው ባለቅኔ ሎርድ ባይረን ነው። እናትዋ አናቤላ ሚልባንክ ደግሞ ሒሳብ የምትወድ ሴት ነበረች። ሁለቱ በአንድ ቤት አልተስማሙም። ሕፃኗ አንድ ወር ያህል ሲሆናት እናትዋ ይዛት ወጣች፤ አባትየውም በዚያው በ1816 ከእንግሊዝ አገር ሄዶ ተመልሶ አልገባም። በ1824 በግሪክ አገር ሲሞት ልጁ የ8 ዓመት ልጅ ነበረች፤ መልኩን አታውቀውም። እናትየዋ የባልዋ ጠባይ በልጅዋ ላይ እንዳይወጣ እጅግ ትፈራ ስለ ነበር መድኃኒቱ ሒሳብ ነው ብላ ቈረጠች። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ሒሳብ ማስተማር የተለመደ አልነበረም። ብዙዎቻችን እንደ በሽታ የምንሸሸውን ትምህርት አዳ እንደ መድኃኒት ተቀበለችው ማለት ነው።

መድኃኒቱ ግን ሐሳብዋን ከመብረር አልከለከለውም። በ12 ዓመትዋ የወፎችን ክንፍ እያጠናች የሚበር መሣሪያ ለመሥራት ተነሣች፤ በሆዱ የእንፋሎት ሞተር የተገጠመለት ባለክንፍ ፈረስም አሰበች። በ1829 የኩፍኝ በሽታ ይዞአት እግሮችዋ ዐልታዘዝ አሉ። ብዙ ጊዜ በአልጋ ላይ ከቈየች በኋላ በ1831 በምርኩዝ መሄድ ጀመረች። በነዚያ ሁሉ ወራት ትምህርትዋን አላቋረጠችም።

በጁን 1833 ቻርልስ ባቤጅ የሚባል የሒሳብ ሊቅ አገኘች። በዚያን ጊዜ ለመርከብ መሪዎችና ለመሐንዲሶች የሚያገለግሉት የቍጥር ሰንጠረዦች በሰው እጅ እየተሰሉ ይታተሙ ስለ ነበር ስሕተታቸው ብዙ ነበር። ባቤጅ ይህን ስሕተት የሚያስቀር የነሐስና የብረት መኪና ለመሥራት ከመንግሥት 17,000 ፓውንድ ያህል ወጪ ተደርጎለት ነበር፤ የተሠራው ግን ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። እንግዶች ያን ክፍል እየመጡ እንደ አሻንጉሊት ያዩት ነበር። አዳ አሠራሩን መረዳት ፈለገች፤ ንድፎቹንም ለማየት ጠየቀች።

ባቤጅ የመጀመሪያውን መኪና ሳይፈጽም ከእርሱ የሚበልጥ ሌላ አሰበ። (ይህ የባቤጅ ጠባይ ነው፤ አንዱን የቤት ሥራ ሳይጨርስ ሌላውን የሚጀምር ተማሪ በየክፍሉ አለ።) አዲሱ መኪና በሁለት ታላላቅ ክፍሎች የተከፈለ ነበር። ስሌቱ የሚካሄድበትን ክፍል ወፍጮ፥ ቍጥሮቹ የሚቀመጡበትን ክፍል ጎተራ ብሎ ሰየመው። ጎተራ ከማለት የቆጮ ጉድጓድ ብል ለእኛ አገር ሰው ይቀርበዋል፤ ከጉድጓዱ የሚበቃው ያህል ወጥቶ ይሠራበታል፥ የቀረው እስከ ሌላ ጊዜ ተከድኖ ይቈያል። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክም በመሠረቱ እንዲሁ ነው፤ የሚያሰላው ክፍል ሌላ፥ የሚያስቀምጠው ክፍል ሌላ።

ለመኪናው ትእዛዝ የሚሰጠው በቀዳዳ ካርድ ነበር። ይህን ሐሳብ ባቤጅ የወሰደው ዣካር ከተባለ ፈረንሳዊ የሽመና መሣሪያ ነው። ሸማኔ ጥለት ሲያወጣ የትኛው ድር ተነሥቶ የትኛው እንደሚቀር በልቡ ይዞ መወርወሪያውን ይሰዳል። ዣካር ግን ያን በሸማኔው ልብ ያለውን ነገር በካርድ ላይ በቀዳዳ አሰፈረው፤ ቀዳዳ ባለበት ድሩ ይነሣል፥ በሌለበት ይቀራል። ካርዱን የለወጠ ጥለቱን ለወጠ። ባቤጅም ካርዱን በመለወጥ ብቻ አንዱ መኪና ልዩ ልዩ ስሌት እንዲሠራ አሰበ።

አዳ በ1835 ዊልያም ኪንግ የተባለ ባለርስት አገባች፤ በ1838 እርሱ ከፍ ባለ ማዕረግ ሲሾም የላቭሌስ እመቤት ተባለች። ሦስት ልጆች ወለደች። ከ1840 ጀምሮም ኦገስተስ ደ ሞርጋን በተባለው የሒሳብ መምህር ዘንድ እንደ ገና ትማር ጀመር።

በዚያው በ1840 ባቤጅ ወደ ቶሪኖ ሄዶ ስለ መኪናው አስረዳ። በዚያ የነበረ ሉዊጂ ሜናብሬያ የተባለ መሐንዲስ በሰማው ላይ ተመሥርቶ በ1842 በፈረንሳይኛ ጽሑፍ አወጣ። (ይህ ሰው ኋላ የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖአል፤ የሞተውም በ1896 ነው፤ የዓድዋን ወሬ ሳይሰማ አልቀረም እላለሁ።) አዳ ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ተረጐመች። ከዚያም የራስዋን ማብራሪያ እንድትጨምር ባቤጅ ቢያሳስባት፥ ከኤ እስከ ጂ በፊደል የተለዩ ሰባት ማስታወሻዎች ጻፈች፤ ማስታወሻዎቹም ከዋናው ጽሑፍ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኑ። በ1843 ታተሙ፤ ስምዋ ግን በሦስት ፊደላት ብቻ ተመለከተ። በዚያን ዘመን በአገራችን ዘመነ መሳፍንት ነበር፤ በሸዋም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ይገዙ ነበር።

በማስታወሻዎቹ ውስጥ ሁለት ነገሮች በጣም አስገርመውኛል። አንደኛው፥ መኪናው ቍጥር ብቻ ሳይሆን ሥርዓቱ ሊገለጽ የሚችለውን ነገር ሁሉ፥ ለምሳሌ ዜማን፥ ሊያቀናብር እንደሚችል መገመትዋ ነው። ባቤጅ ራሱ በይበልጥ የሚያስበው ስለ ስሌት ነበር። ሁለተኛው፥ መኪናው ከራሱ አንዳች ነገር እንደማያመነጭና እኛ ማዘዝ የምናውቀውን ብቻ እንደሚፈጽም መግለጽዋ ነው። በ1950 አላን ቱሪንግ የተባለው ሊቅ ይህን ሐሳብዋን አንሥቶ ተከራክሮበታል። የኛም ክፍል ዛሬ በቻት ጂፒቲ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ይከራከራል፤ እስከ አሁን ያሸነፈ ወገን የለም።

በመጨረሻው ማስታወሻ የበርኑሊ ቍጥሮች የተባሉትን መኪናው እንዴት እንደሚያሰላቸው በ25 ተራ ሥራ ከፍላ በሰንጠረዥ አሳየች። ታትሞ የወጣ የመጀመሪያው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህ ነው ይባላል። ከሊቃውንት መካከል ባቤጅ አስቀድሞ ትንንሽ ምሳሌዎች ጽፎ ስለ ነበር ምስጋናው የእርሱ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ባቤጅ ራሱ ኋላ እንደ መሰከረው፥ ለዚሁ ሥራ ድካም ሊያቃልልላት ያዘጋጀውን ስሌት አዳ መርምራ ከባድ ስሕተት አግኝታበት መልሳለታለች። እኔ በዚህ ምስክርነት ረክቻለሁ።

ፕሮግራም ምን እንደ ሆነ ለወላጆቻችን ለማስረዳት ከባሕረ ሐሳብ የሚሻል ምሳሌ አላገኘሁም። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይደመራል፤ ድምሩ ለ19 ይካፈላል፤ ከቀሪው አንድ ሲቀነስ ወንበር ይገኛል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው አበቅቴ፥ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል ቀሪው መጥቅዕ ነው። በእኛ 2016 ዓ.ም. ብንወስድ ድምሩ 7,516፥ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 11፥ ወንበሩ 10፥ አበቅቴው 20፥ መጥቅዑ 10 ይሆናል። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 መሆን አለባቸው። እንግዲህ ይህ ሊቃውንቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ መሣሪያ በቃላቸው ሲያካሂዱት የኖሩ ፕሮግራም ነው።

በደብተሬ የጻፍሁት ትልቁ ሥራም ይኸው ነበር። ተራ ደርሶኝ በኮምፒውተር ብሞክረው 2006 ዓ.ም. ላይ ሁለቱም ዜሮ ወጡ። ድምሩ 30 ስላልሆነ ስሕተቴን ወዲያው ዐወቅሁና በዚያ ዓመት መጥቅዑ 30 እንዲባል አረምሁት። ከዚያ በኋላ የ19 ዓመት ዝርዝር አወጣሁ፤ ድምሩ በሁሉም 30 ሆነ። ደስ ብሎኝ በወረቀት ገልብጬ ለሰፈራችን መሪጌታ ወሰድሁላቸው። እርሳቸው በጣታቸው አንጓ እየቈጠሩ ወደ ታች ወረዱና አውራ ጣታቸውን 2005 ዓ.ም. ላይ አኖሩ። እኔ 19ና 11 ብዬ የጻፍሁት 18ና 12 መሆን ነበረበት። 7,505 ለ19 ሲካፈል ያለ ቀሪ ያልቃል፤ እንዲህ ባለ ዓመት ወንበሩ 18 ይባላል። የእኔ ፕሮግራም ግን ከዜሮ ላይ አንድ ቀንሶ ወንበሩን ከዜሮ በታች አወረደው። ፓይተንም ከዜሮ በታች ያለውን ቍጥር ለ30 ሲያካፍል ቀሪውን ከዜሮ በላይ አድርጎ ስለሚያወጣ፥ ሁለቱ ስሕተቶች ተደምረው በአጋጣሚ 30 ሆኑ። ኮምፒውተሩ ያዘዝሁትን ያለ ጕድለት ፈጸመ። መሪጌታ ሳቁብኝ፤ ቀጥለውም ቡና እንድጠጣ አዘዙኝ።

በዚያ ሳምንት ነው የአዳ ሰንጠረዥ በአራተኛው ተራ ስሕተት እንዳለበት ያነበብሁት። የሚካፈለውና አካፋዩ ቦታ ተለዋውጠዋል። የአታሚው ይሁን የእርስዋ አይታወቅም። ፕሮግራሙን የሚፈጽም መኪና ስላልነበረ ስሕተቱ በ1843 እንደ ታተመ ቀረ። ይህን ሳነብ እስካሁን በሥዕል ብቻ የማውቃት፥ በሐር ልብስ ያጌጠችው እመቤት ከአጠገቤ በርጩማ ላይ የተቀመጠች መሰለኝ።

ከ1843 በኋላ ያለው ታሪክዋ የሚያሳዝን ነው። የመኪናውን ጕዳይ በአስተዳደር በኩል ልርዳህ ብትለው ባቤጅ እንቢ አለ፤ ወዳጅነታቸው ግን አልቀረም። መንግሥትም አስቀድሞ በ1842 ገንዘቡን አቋርጦ ነበር። አዳ በፈረስ ውርርድ ገብታ ብዙ ሺህ ፓውንድ ተበላች፤ የቤተ ሰቡን አልማዝ እስከ ማስያዝ ደረሰች። ይህን ሳልጽፍ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ሒሳብ የሚያውቅ ሰው በውርርድ አይታለልም ብዬ አስብ ነበርና። በማሕፀን ካንሰር ብዙ ተሠቃይታ ኖቬምበር 27 ቀን 1852 በ36 ዓመትዋ ዐረፈች። በፈቃድዋም ሕክናል በሚባል ስፍራ፥ ከማታውቀው ከአባትዋ አጠገብ ተቀበረች።

ባቤጅ በ1871 ሞተ። እርሱ በኋላ ከነደፋቸው የሰንጠረዥ መኪናዎች አንዱ በ1991 በሎንዶን የሳይንስ ሙዚየም እንደ ንድፉ ተሠርቶ ያለ ስሕተት አሰላ። አዳ ፕሮግራም የጻፈችለት ባለወፍጮና ባለጎተራው መኪና ግን እስከ ዛሬ ሙሉ ሆኖ አልተሠራም። በ1980 የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ላሠራው የኮምፒውተር ቋንቋ አዳ የሚል ስም ተሰጠው፤ የመለያ ቍጥሩም በልደት ዓመትዋ 1815 ሆነ።

የታረመው የባሕረ ሐሳብ ፕሮግራም በደብተሬ ከገጽ 31 ጀምሮ ይገኛል። ደብተሩን ለክበባችን ሰጥቼአለሁ። የቀረ ስሕተት የሚያገኝ ተማሪ፥ መምህር ወይም ወላጅ ቢኖር በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ያመልክትልኝ። ባትሪው ገና መቶ በመቶ ነው።