የድሃውን ልጅ ትምህርት ቤት ያዳነው እንደራሴ፦ ታዴዎስ ስቲቨንስ

ታዴዎስ ስቲቨንስ ሲባል የታሪክ ተማሪ ቶሎ ትዝ የሚለው፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ለባሮች ነፃነት ያደረገው ትግል ነው። ለመምህርነት ሙያ የምንዘጋጅ ሰዎች ግን ከዚያ በፊት በአንድ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ውስጥ የሠራውን ሥራም ማወቅ ይገባናል።

ስቲቨንስ በ1792 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በቬርሞንት ግዛት፣ ዳንቪል በምትባል መንደር ተወለደ። አንድ እግሩ ሲወለድ ጀምሮ ቆልማማ ስለ ነበር ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ኖረ። ጫማ ሰፊ የነበረው አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ሲጠፋ፣ አራት ወንዶች ልጆች በእናታቸው በሣራ ጫንቃ ላይ ቀሩ። ሣራ ይህ ልጇ ለእርሻ ሥራ እንደማይሆን ስላወቀች ደፋ ቀና ብላ አስተማረችው። በ1814 ከዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመረቀና ወደ ፔንሲልቬንያ ሄዶ ዮርክ በተባለች ከተማ መምህር ሆነ። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ሕግ አጥንቶ በጌቲስበርግ ጥብቅና ጀመረ። በ1833 የፔንሲልቬንያ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ።

ታዲያ የዚያን ጊዜ የፔንሲልቬንያ ልጆች እንዴት ነበር የሚማሩት? ያለው ከፍሎ ልጁን ያስተምራል። የሌለው ደግሞ በ1809 በወጣው ሕግ መሠረት የልጁን ስም በድሆች መዝገብ ላይ ያስጽፋል፤ ክፍያውንም መንግሥት ይችልለታል። ነገሩ ደግ ይመስላል። ነገር ግን ልጁ ክፍል ሲገባ የድሃ ልጅ መሆኑ አብሮት ይገባል። ስለዚህ ብዙው ወላጅ ከዚህ ሁሉ ውርደት ልጁ ሳይማር ቢቀር ይመርጥ ነበር።

በ1834 በአገረ ገዥው በጆርጅ ዎልፍ ድጋፍ፣ በሕዝብ ግብር የሚተዳደርና ለሁሉም ልጅ እኩል ክፍት የሆነ ትምህርት ቤት እንዲቋቋም ሕግ ወጣ። በምክር ቤቱ ተቃዋሚ አልነበረውም ማለት ይቻላል። ጣጣው የመጣው ግብሩ ሲታወቅ ነው። ልጅ የሌለው ሰው ስለ ሰው ልጅ ለምን እከፍላለሁ አለ። የየራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የነበራቸው ጀርመንኛ ተናጋሪ ገበሬዎችም ቋንቋችንና ሃይማኖታችን ይጠፋብናል ብለው ፈሩ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ ሕጉን ከደገፉት እንደራሴዎች ብዙዎቹ ወንበራቸውን አጡ። አዲሱ ጉባኤ ሲሰበሰብ ከሠላሳ ሺህ በላይ ፊርማ ያለበት የይሻርልን አቤቱታ ጎረፈ። በ1835 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሕጉ እንዲሻር ወሰነ። የቀረው የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ድምፅ ብቻ ነበር፤ እዚያም ቢሆን ነገሩ ያበቃለት ይመስል ነበር።

ኤፕሪል 11 ቀን 1835 ስቲቨንስ ለመናገር ተነሣ። ያቀረበው ምክንያት ለማንም የሚገባ ነው። ልጅ የለኝም የሚል ሰው ወንጀል ሳይሠራ ለወህኒ ቤትና ለፍርድ ቤት ይከፍላል፤ ወንጀለኛን ለመቅጣት የሚከፍል ከሆነ ልጆች አድገው ወንጀለኛ እንዳይሆኑ ለማስተማር መክፈል ለምን ይከብደዋል አለ። የድሆች መዝገብን መመለስ በድሃው ልጅ ላይ ምልክት እንደ ማተም መሆኑንም አስረዳ። ደግሞም አገረ ገዥው ዎልፍ የተቃራኒ ፓርቲ ሰው ነበሩ። ስቲቨንስ ግን የራሱን ወገኖች ለፓርቲ ብላችሁ መልካሙን ሕግ አትጣሉ ሲል ተማጸናቸው።

ድምፅ ሲሰጥ የሽረቱ ሐሳብ ወደቀ፤ ትምህርት ቤቱም ዳነ። ዎልፍ በዚያው ዓመት ምርጫ ፓርቲያቸው ለሁለት ተከፍሎ ተሸነፉ። ሕጉ ግን ከእሳቸው ጋር አልወረደም።

ስቲቨንስ ከዚያ ወዲያም አቋሙን አልለወጠም። በ1838 የፔንሲልቬንያ አዲስ ሕገ መንግሥት ለነጮች ብቻ የመምረጥ መብት ሲሰጥ፣ የጉባኤው አባል ሆኖ ሳለ አልፈርምም አለ። በኋላም በዋሽንግተን ምክር ቤት ባርነትን ላጠፋው ለ13ኛው፣ በሕግ ፊት እኩልነትን ለደነገገው ለ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተሟገተ። ምላሱ ስለታም ስለ ነበር ጠላቱ ብዙ ነበር። ኦገስት 11 ቀን 1868 ሲሞት በራሱ ምርጫ መሠረት በላንካስተር ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ሳይለይ በሚቀበል መካነ መቃብር ተቀበረ። ለወላጅ አልባ ልጆች እንዲሆን ባወረሰው ገንዘብ መነሻነት በ1905 የተቋቋመው የሙያ ትምህርት ቤት ኮሌጅ ሆኖ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ሕጉ ሲወጣ ያጨበጨበው ብዙ ነበር፤ ሒሳቡ ሲመጣ የቆመለት ግን ጥቂት። ነገ ክፍል ስንገባ በአንድ ወንበር ላይ ያለውና የሌለው ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው እናገኛለን። እነዚያን ልጆች መልሶ በመዝገብ መለየትም ሆነ እኩል ማየት በእኛ በመምህራኑ እጅ ነው።