ኮረም ሜዳ ላይ ያረፈው ስዊድናዊ

ከቆቦ ተነስታችሁ፣ አላማጣን አልፋችሁ የግራካሱን ዳገት ስትጨርሱ ኮረም ላይ ሰፊ ሜዳ ታገኛላችሁ። ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን በ1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀል አውሮፕላኑን ያሳረፈው እዚያ ነው። አስፋልት የለ፣ መብራት የለ፤ ሜዳው ብቻ!

ሰውየው በ1901 ዓ.ም. ስዊድን ውስጥ ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደ። የአክስቱ ባል ያ የናዚው ባለሥልጣን ኸርማን ጎሪንግ ነው። እሱ ግን ፋሺስት ጣሊያን ሲወረን ቁስለኛና መድኃኒት ሊያመላልስ መጣ።

ኮረም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታ ላይ አየር ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ክንፉን የሚደግፈው ያንሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት ረጅም መንገድ መሮጥ አለበት፤ ማኮብኮቢያው ካጠረ አለቀ። የቆቦ ቆላ ዝቅ ይላል ብላችሁ እንዳትጽናኑ፣ ሙቀትም አየሩን ያሳሳዋል። በዚያ ላይ አብራሪ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ማረፍ ይፈልጋል። ባልተሠራ ሜዳ ደግሞ አንድ ጉድጓድ ወይም አንድ የቆመ በሬ ሁሉን ያበላሻል።

መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን መሸሽም አይችልም። መጋቢት 8 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ኮረም ላይ የቆመውን የቀይ መስቀል አውሮፕላን በቦምብ አቃጠሉት። ቮን ሮዘን ተረፈ።

ከነጻነት በኋላ ተመልሶ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ የአየር ኃይላችንን አብራሪዎች ቢሾፍቱ ላይ አሠለጠነ።

ቀጥሎ ቢያፍራ። እዚያ የእርዳታ አውሮፕላኖች የሚያርፉት ኡሊ በሚባል ቦታ፣ ተሰፍቶ ማኮብኮቢያ በሆነ የመኪና መንገድ ላይ ነበር፤ ያውም በሌሊት። በ1961 ዓ.ም. ግን ትንንሽ አውሮፕላኖች አስታጥቆ የናይጄሪያን የአየር ማረፊያዎች ደበደበ። የቀይ መስቀል ሰው ነበር፤ ይህን ሥራውን እኔ በበኩሌ አልወደውም።

የወሎ ረሃብ አገሩን ካናወጠ በኋላ እንደገና መጣ። መንገድም ማኮብኮቢያም በሌለበት መንደር እህሉን ከትንሽ አውሮፕላን፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ ይጥል ነበር። ለማረፍ ሜዳ ፍለጋ ቀረ ማለት ነው።

በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ለእርዳታ ሥራ ጎዴ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሲያጠቃ እዚያው መሬት ላይ ሳለ ተገደለ። 67 ዓመቱ ነበር።