ክዋሜ ንክሩማና የቮልታ ግድብ

ዛሬ የምናወሳቸው ክዋሜ ንክሩማ እ.ኤ.አ. በ1909 በንክሮፉል መንደር ተወለዱ። ጋና በ1957 ነጻ ስትወጣ፣ ባንዲራ ያለ ፋብሪካ ጎዶሎ መሆኑን ተረድተው የቮልታን ወንዝ በአኮሶምቦ ሊገድቡ ቆረጡ። የወጪውን ግማሽ ያህል ጋና ስትችል፣ የቀረውን የዓለም ባንክ፣ አሜሪካና ብሪታንያ አበደሩ። አበዳሪዎቹ አስቀድሞ የታወቀ የኃይል ገዢ ስለ ፈለጉ፣ ንክሩማ አብዛኛውን ኃይል የአሜሪካ ኩባንያዎች ላቋቋሙት የአሉሚኒየም ፋብሪካ በርካሽ ዋጋ ለ30 ዓመት ለመሸጥ ተዋዋሉ። 80,000 ያህል ሰውም ቀዬውን ለሐይቁ ለቀቀ። ግድቡ በጥር 1966 ተመረቀ፤ ንክሩማ በየካቲት በመፈንቅለ መንግሥት ወረዱ፤ በ1972 በሰው አገር አረፉ። ግድቡ ዛሬም ያበራል። እኛ ተማሪዎች ግን የግንቡን ከፍታ ከማድነቃችን በፊት ውሉን እንመርምር፤ ብርሃኑ ለማን፣ በስንት ተሸጠ?